የሚረግጠው እግር

ውድ አበረ፣

ነገ ሙት ዓመትህ ነው። ባለቤትህ ሥራነሽና ልጆችህ ወደ አንተ ይመጣሉ። በዚያው በምታውቀው አባዱላ ላመጣቸው ቃል የገባሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ግቢዬ ውስጥ የሆነውን ሳልነግርህ ግን መንገድ አልጀምርም። ሙት ደብዳቤ እንደማያነብ አውቃለሁ። ሙት ፍሬን እንደማይረግጥም አውቅ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ፍሬኑ አየር ያዘ። ፔዳሉ ሲረገጥ እንደ ሊጥ ይሰጥማል፤ ካልደጋገምኩት አይዝም። ሉማሜ መናኸሪያ ስገባ አንዲት ፍየል ለጥቂት ተረፈች። ከይጁቤ ወዲያ ያለውን ቁልቁለት ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በማርሽ ብቻ የሚወረድ አይደለም። እንዲህ ባለ ፍሬን ልጆችህን ጭኜ እዚያ ልወርድ አልችልም።

አንተ እያለህ አየሩን ማስወጣት ሥራ ሆኖብኝ አያውቅም። አንተ መሪው ጋ ትቀመጣለህ፣ እኔ ጎማው ሥር እተኛለሁ። ሌላው ሰው "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እያለ ይረግጣል። አንተ ድቁናውን ትተህ ረዳት ብትሆንም አፍህ አልተወውም። "በስመ አብ" ብለህ ትረግጣለህ፤ "ወወልድ" ብለህ ትረግጣለህ፤ "ወመንፈስ ቅዱስ" ብለህ ትረግጣለህ። "አሐዱ አምላክ" ስትል ተጭነህ ትይዛለህ። እኔ "አሜን" ብዬ ከጎማው ጀርባ ያለችውን የአየር ማስወጫ ቡሎን እከፍታለሁ፤ አየሩ ከዘይቱ ጋር ተፍ ብሎ ይወጣል። "ዘጋሁ" ስልህ ትለቃለህ። ሾፌሮቹ ከበው ይስቁብን ነበር። "እነዚህ መኪና ይጠግናሉ ወይስ ክርስትና ያነሳሉ?" ይሉን ነበር።

ካንተ በኋላ ልኩን የሚረግጥ አላገኘሁም። ሁሉም ከመዝጋቴ በፊት ይለቃል፤ አየሩ ተመልሶ ይገባል። ልጄ ሂዊ ይህን ሰምታ ከአዲስ አበባ አንድ መሣሪያ ላከችልኝ። በእጅ የሚጨበጥ ፓምፕ ነው፤ ውስጡ የሚታይ ቀጭን ቱቦና ትንሽ ጠርሙስ አለው። ቱቦውን ቡሎኗ ጫፍ ላይ አስገብተህ፣ ፓምፑን ጨብጠህ ስትከፍት አየሩንና ዘይቱን መጦ ወደ ጠርሙሱ ያወጣዋል። የሚረግጥ ሰው አያስፈልገውም።

"አባዬ፣ በቃ፣ ከእንግዲህ ብቻህን ትችላለህ" አለችኝ በስልክ።

ዛሬ ኅዳር ሚካኤል ስለሆነ ጋራዡ ሁሉ ዝግ ነው። በየደጁ ቆሻሻ እየነደደ ጢሱ ሰፈሩን ሞልቶታል። መኪናውን በክሪክ አንስቼ፣ በድንጋይ ደግፌ፣ ከኋላ ቀኝ ጎማ ጀመርኩ። አየሩ ግን አላልቅ አለ። ዘይት እየጨመርኩ ብጨብጥ ብጨብጥ፣ በቱቦው ውስጥ የሚያልፈው አረፋ ብቻ ሆነ። ጎረቤቴ ዓለምነው ከቅዳሴ ተመልሶ በአጥሩ ላይ ሲያየኝ ቆየ። መካኒክ ነው፤ ቤቱን የተከራየው አንተ ካለፍክ ወዲህ ስለሆነ አታውቀውም።

"ጋሼ ይታያል፣ ሚካኤል እያየዎት ነው።"

"ይየኝ። ነገ ቁልቁለቱ ላይም እንዳይረሳኝ።"

"እኔ ዛሬ እጄ በዓል ላይ ነው፣ አፌ ግን ይሠራል። ይህ አየር ከፍሬኑ ውስጥ አይደለም። መሣሪያው በቡሎኗ ጥርስ በኩል ከውጭ እየሳበ ነው። ግሪስ ይቀቡት።"

ቀባሁት። ልክ ነበር። አረፋው ቆመና ንጹሕ ዘይት መጣ። ቡሎኗን ልዘጋ እጄን ስሰድ በቱቦው ውስጥ አንድ አረፋ አለፈ። ቆም አለ። ሌላ አለፈ። ቆም አለ። ሦስተኛው አለፈ። ከዚያ አንድ ረጅም፣ እንደ ክር የማይቆረጥ። ፓምፑ መሬት ላይ ነበር፤ አልጨበጥኩትም። አፌ ከእኔ ቀድሞ "አሜን" አለ።

ያን ጊዜ ፔዳሉ ጮኸ። ያ ሲረገጥ የሚያሰማው፣ ስንት ጊዜ ዘይት ላጠጣው ብዬ የተውኩት ሲጥታ። ተነስቼ አየሁ። በሩ ክፍት፣ ወንበሩ ባዶ፣ ፔዳሉ ቦታው ላይ ነው። ተመልሼ ተኛሁ። እንደገና ሦስት አጭር፣ እንደገና አንድ ረጅም።

"ጋሼ፣ ሰው አገኙ እንዴ?" አለ ዓለምነው ከአጥሩ ወዲያ።

"አላገኘሁም።"

"ታዲያ ማን ነው የሚረግጥልዎ?"

"ማንም።"

"እየሰማሁት!"

ተንጠራርቶ ገቢናውን አየ። ፈገግታው ከፊቱ ጠፋ። "ለማን ነው አሜን ያሉት?" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ማን እንደባረከ ሳያዩ አሜን አይባልም፣ ጋሼ።" ነጠላውን አፉ ላይ ሳበ፤ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ።

እኔ ሥራ አጋምሼ መተው አልወድም። ቀሪዎቹን ጎማዎች አፌን ገጥሜ ሠራሁ። በእያንዳንዱ ላይ፣ አየሩ አልቆ ዘይቱ ሲጠራ፣ ፔዳሉ ይጮህና ዝም ይል ነበር። መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ነው ዝም የሚለው። ስጨርስ ገብቼ ረገጥኩት። ድንጋይ ነው። ይህ መኪና እንዲህ ያለ ፍሬን ኖሮት አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ባዶውን ልሞክረው በይጁቤ መንገድ ወጣሁ። ቁልቁለቱን ስወርድ በፈለግኩበት ያዘልኝ። አንተ ወዳረፍክበት ወደ ደብራችሁ የሚወስደው መገንጠያ ስደርስ ግን እግሬ ነዳጁ ላይ እያለ ፔዳሉ ወረደ። አይቼዋለሁ። ቀስ ብሎ፣ የቆመ ተሳፋሪ እንዳይወድቅ ተጠንቅቆ ወረደ። መኪናው ተንገጫግጮ ሞተሩ ጠፋ። ወርጄ ጎማዎቹን በእጄ ዳሰስኩ፤ ፍሬኑ ይዞ ተጣብቆ ቢሆን ይግሉ ነበር። ሁሉም ቀዝቃዛ ናቸው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጤፍ ክምር ብቻ ነው፤ ሰው የለም፣ ከብት የለም። ገቢና ስመለስ ፔዳሉ ተነስቷል፤ ወራጁ የወረደ ይመስላል። እፎይ ብዬ ዞሬ መጣሁ። ማርቆስ መግቢያ ላይ እንደገና ሲጥ አለ።

ቀጥታ ወደ ሥራነሽ ሄድኩ። የነገውን ጠላ ወደ ጀሪካን እየገለበጠች ነበር። ሁሉንም ነገርኳት።

"አያ ይታያል፣ ትቀልዳለህ።"

"በሚካኤል እልሻለሁ።"

ጀሪካኑን ከደነች። "እሱ እንደሆነ በሕይወቱም ፍሬን ነበር። ቤት እንሥራ ስለው ቆይ፣ በሬ እንግዛ ስለው ቆይ።" ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ቀረ። "እኔን ቢፈልገኝ አልፈርድበትም። ልጆቹንስ ምን ያደርጋቸዋል?"

"አላውቅም።"

"ካላወቅህ ልጆቼን አታሳፍርም።"

ልክ ናት። አበረ፣ በሕይወት ሳለህ እግርህን አምኜ ከጎማ ሥር ተኝቻለሁ። ዛሬም እግርህ ያው ነው፤ እንዲያውም ልኩን ረግጠህ ፍሬኑን ያስተካከልከው አንተ ሳትሆን አትቀርም። የማላውቀው ለምን እንደምትረግጥ ነው። ከገደሉ ልታድነን ነው ወይስ እዚያው ካንተ ዘንድ ልታስቀረን? ቁልቁለት መሃል ላይ ያለ ሰው ሁለቱን አይለይም፤ ሲለይም መሽቶበታል።

ስለዚህ የወሰንኩትን ልንገርህ። ነገ ሥራነሽና ልጆቹ በይጁቤ በሚያልፈው አውቶቡስ ይመጣሉ፤ ከመገንጠያው በእግራቸው ይወርዳሉ። እኔ ባዶውን መኪና ይዤ ከኋላቸው እመጣለሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ አቆመዋለሁ። ፍትሐቱ አልቆ ሕዝቡ ዝክሩን ሲቀምስ፣ ሞተሩን አስነስቼ እግሬን አጥፌ እቀመጣለሁ። ፔዳሉ በራሱ ከወረደ፣ ከእነሱ ጋር በአውቶቡስ እመለሳለሁ። መኪናው እዚያው ይቀርልሃል። ሌላ መተዳደሪያ እንደሌለኝ ታውቃለህ፤ ቢሆንም ይቀርልሃል። ፔዳሉ ዝም ካለ ቤተሰብህን ጭኜ እመልሳቸዋለሁ። ያን ጊዜ አብረኸን መምጣት ብቻ ከሆነ የፈለግከው፣ የኋላውን ወንበር ባዶ እተውልሃለሁ። ግባና ተቀመጥ፤ ሂሳብ የሚጠይቅህ የለም። መሪው ጋ ግን አትምጣብኝ።

ወንድምህ ይታያል
ደብረ ማርቆስ፣ በኅዳር ሚካኤል ዕለት