የተለጠጠው ሜትር

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ልጄ፤ ጤናሽ ይብዛልኝ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽም ጉንፋኑ ለቆት ወደ ጭቅጭቁ ተመልሷል።

ከበዓሉ በፊት ሁለታችንም ውፍረት እንቀንስ ተባብለን አልነበር? ያኔ የክሊኒኳ ነርስ ወገቤን ስትለካኝ ዘጠና ስምንት ነበር። በበዓሉ ሰሞን አክስትሽ ቤት "በሞቴ" እየተባልኩ እንኳ ሳህኔን በእጄ ከድኜ ተቀመጥኩ። በዓሉ ሲያልፍ በልብስ ስፌት ሜትሬ ብለካው ዘጠና አራት! ለሰፈሩ ሁሉ አወራሁ፤ በደስታዬም ሁለት ቁራጭ ኬክ በላሁ።

ትናንት አናጢው የመቁረጫ ጠረጴዛዬን ሊያድስ መጣ። በእኔ ሜትር መቶ አርባ አምስት የሆነው ጠረጴዛ በእሱ የብረት ሜትር መቶ ሃምሳ ሆነ። ለካ የእኔው ሃያ ዓመት አንገቴ ላይ ተንጠልጥሎ ተለጥጦ ኖሯል፤ አሳንሶ ነው የሚቆጥረው! ወገቤን በሲባጎ ለክቼ ሲባጎውን በአናጢው ሜትር ላይ ብዘረጋው ዘጠና ሰባት። አንዷ ሴንቲ ግን የእውነት ቀንሳለች፤ አልለቃትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ይከነክነኛል። የላክሁልሽን ቀሚስ የቆረጥኩት በዚያው ሜትር ነው፤ በተለጠጠ ሜትር የተቆረጠ ደግሞ ይሰፋል። "እማዬ ሰፋኝ፣ ከስቻለሁ" ያልሽኝ እውነት ከስተሽ ነው ወይስ የሜትሬ ሥራ ነው? ብቻ ምሳሽን እየዘለልሽ እንዳይሆን!

ያሳደገሽ አምላክ ከክፉ ይሰውርሽ። ቀሚሱን አታስጠብቢው። ቁጥርም አትጻፊልኝ፤ ወገብሽን በሲባጎ ለኪና ሲባጎውን ራሱን በፖስታ ላኪልኝ፣ እኔው በእጄ ይዤ ልየው።