ሽታ የሌለው ሳሙና

ይድረስ ለልጄ፣ ለዓይኔ ማረፊያ። መንገድሽ ሁሉ ይቅናልሽ፣ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል፣ እኔ ግን ማውራቴን አልተውኩም።

የልጅሽ ችፌ ሰሞኑን ተነስቶባት ጣቶቿ አብጠው እርሳስ መያዝ አቅቷት ነበር። ፈተናዋ ደግሞ ደርሷል። ሞኟ እኔ ውሃ አፍልቼ፣ ሎሚ ይዤ ልፈትጋት ስነሳ፣ «እማማ፣ ድስት መሰልኩሽ እንዴ?» አትለኝም! የጤና ጣቢያዋ ነርስ ያሳየቻትን አንዱንም አልረሳችም። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ እጇ ላይ ጣል ታደርጋለች፣ ቆዳዋ ሳይደርቅ ቫዝሊን ትቀባለች፣ ሲበላት ላለማከክ ትዘፍናለች። ድምጿ እንዳንቺው ነው፣ ጎረቤት ይቻለው! በአራተኛው ቀን እብጠቱ ጎደለ፤ ፈተናዋንም ተፈተነች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እኮ ናት!

አንድ ነገር ግን ደብቃሻለች። ያስነሳባት የላክሽው ባለ ሽቶ ሳሙና ነው። «ለእማዬ እንዳትነግሪያት፣ ታዝናለች» ብላ አስምላኛለች፤ የኔ አፍ መች ያርፋል! ልጥለው ስል ነጥቃኝ መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። «ቆዳዬ ቢጠላውም አፍንጫዬ ይወደዋል፤ እማዬ እማዬ ይሸታል» አለችኝ።

ደግ ደጉን ያሰማሽ፣ ልጄ። ሌላ ጊዜ ሽታ የሌለው ላኪ። ሽታሽን ግን አንቺው ይዘሽው ነይ።

እናትሽ