አባ ሰይድ ያዳኑት ቲማቲም

ሰኞ
ቆመ። የቲማቲሙን ቅጠል ሲያጠቁር የከረመው ፈንገስ እኔ ለመመረቂያ ጥናቴ የኒም ዛፍ ቅጠል ጭማቂ በረጨሁበት መደብ ላይ አልተስፋፋም። አጠገቡ ለማወዳደሪያ የተውኩት፣ ምንም ያልተረጨው መደብ እየደረቀ ነው። ወልድያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ኒም ፈንገሱን ሲገታው አይቻለሁ፤ ማሳ ላይ ግን ዝናቡ ያጥበዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። ከማሳው ወደ መርሳ በባጃጅ ስመለስ ብቻዬን ስስቅ ሾፌሩ ታዘበኝ። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ። «በቃ፣ ተመረቅሽ» አለኝ።

ማክሰኞ
ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። ቅጠሎቹ ላይ ነጣ ያለ ነገር ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። ኒም እንዲህ አያደርግም። አሸተትኩት። የመድኃኒት ሽታ አለው።
የማሳው ባለቤት አባ ሰይድ ቦይ እየከፈቱ ነበር።
«አባ፣ መድኃኒት ረጭተዋል እንዴ?»
አልደበቁኝም። «ረጨሁ ልጄ። ቅጠልሽ የሚሠራ አልመሰለኝም። በዚህ ፀሐይ ስትለፊ እያየሁ አንጀቴ አልችል አለ። ደስ ይበልሽ ብዬ ነው።»
ያልተረጨውን አልነኩትም። አይንኩት ስላልኳቸው፣ የገዛ ቲማቲማቸው ሲደርቅ ዝም ብለው አይተዋል። የኒሙንም አይንኩት ማለት ግን አልመጣልኝም። ምን ብዬ ልቆጣ? አመስግኜ ወጣሁ። መንገድ ላይ አለቀስኩ።

ረቡዕ
ለአማካሪዬ ደውዬ ነገርኩት። «መደቡ ድኗል አይደል? ያየሽውን ጻፊ። ማን ያውቃል?»
«እኔ አውቃለሁ።»
«እንግዲያው ዘንድሮ መመረቁን እርሺው» ብሎ ዘጋው።
ሐራ ከተማ አካባቢ ያለ አንድ ገበሬ የእኔን ጽሑፍ አምኖ ኒም ሲወቅጥ ታየኝ። ቲማቲሙ በፈንገሱ ሲያልቅም ታየኝ።

ሐሙስ
የማሳውን ውጤት ሰረዝኩ። የቀረኝ፦ የቤተ ሙከራው ውጤት፣ ግማሽ ኬሻ ደረቅ ኒም፣ የተላጠ መዳፍ። ጓደኞቼ የምርቃት ልብስ እየለኩ ነው። እንኳን ደስ አላችሁ አልኩ። ከልቤ አልነበረም።

ዓርብ
ከሰው እንዳይሰሙ ብዬ ውጤቱን መሰረዜን ራሴ ለአባ ሰይድ ነገርኳቸው። አካፋቸውን መሬት ላይ ጣሉ።
«እኔ ነኛ ያበላሸሁብሽ። አውፍ በይኝ።»
«እኔም በደንብ አልነገርኩዎትም።»
«ኒሙ ጭራሽ አይረባም ማለት ነው?»
«አላውቅም አባ። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።»
«ኢንሻአላህ ለመጪው በጋ መሬቱ አለልሽ። እኔ ግን ሲደርቅ እያየሁ አልቀመጥም፤ እንዳልረጭ የሚጠብቀኝ ሰው ፈልጊ።»
ለመጪው በጋ ተማሪ መሆኔን እንኳ በምን አውቃለሁ? ስወጣ ከዳነው መደብ ቲማቲም በፌስታል ሞልተው ሰጡኝ። እስካሁን አልነካሁትም።