ክፍል ሦስት ላደረችው እንግዳ

አባሺሪ፣ ማክሰኞ፣ የካቲት 18 ቀን

ለቺሆ፣

«ውዴ» ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት። ውድማ ነሽ፤ ግን ከንዴቴ ጋር በአንድ መስመር አልገጥም አለኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ሳልሽ ለቀቀሽ? እኔ ቤት ሁለቱንም ሌሊት ስታስይ ነው ያደርሽው። መድኃኒት ሳቀርብልሽ «አያስፈልገኝም፣ እትዬ» አልሽኝ። እትዬ አልሽኝ፣ እኔን።

በስምሽ ስጠራሽ ትደነግጪ ይሆናል። ደንግጪ። ቤቴ ስትገቢ ወይዘሪት ናጋሴ ነበርሽ፤ የኦሳካ ልጅ፣ የክረምት ዕረፍቷን አገር ለማየት የወጣች ተማሪ። ከዚህ ሁሉ እውነቱ ተማሪነትሽ ብቻ ነው።

ያወቅኩሽ ገና በር ላይ ነው። ጫማሽን አውልቀሽ ቁልፉን ልትቀበይኝ እጅሽን ስትዘረጊ፣ የግራ አንጓሽ ላይ ያለውን የቃጠሎ ጠባሳ አየሁት። ማንቆርቆሪያውን ከምድጃው ላይ ስበሽ የደፋሽው ቀን አራት ዓመትሽ ነበር። በዚያ ሁሉ በረዶ አዝዬሽ ሐኪም ቤት ድረስ የሮጥኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ያን ጠባሳ በሐሳቤ ስስመው ኖሬ፣ በዓይኔ ሳየው ያልኩት «ክፍል ሦስት ነው፤ መታጠቢያው ከታች ነው» ብቻ ሆነ። በሐሰት ስም የመጣ ሰው ስሙን ራሱ ያውልቀው ብዬ ነው። ደግሞም ፈርቼ ነው። ሁለቱንም ጻፍኩልሽ።

ማታ ራት ላይ አባባ ሂሮታ ነገር ጀመሩሽ። ዓሣ ማጥመድ ከተዉ ወዲህ ክረምቱን እኔ ቤት ነው የሚያሳልፉት፤ እንግዳ ሲያዩ አፋቸው አያርፍም።

«ልጄ፣ ሰው ሁሉ ከብርድ ሲሸሽ አንቺ ብርድ ፍለጋ ወጣሽ?»

«በበጋ ሰው ይበዛል፣ አባባ። በክረምት አገሩ የራስ ይሆናል።»

ከዚያ ያየሽውን ሁሉ አወራሽልን። ካናዛዋ ውስጥ በረዶ ቅርንጫፋቸውን እንዳይሰብረው በገመድ የተወጠሩትን ጥዶች፤ ያደግሽበትን ከተማ እንደ ባዕድ ተረክሽልን። ዛኦ ተራራ ላይ በረዶ ለብሰው ሰው መስለው የቆሙትን ዛፎች። ጹጋሩ ላይ ፉርጎው ውስጥ የከሰል ምድጃ የሚነድበትን ባቡር፣ አንዲት አሮጊት የደረቀ ዓሣ ጠብሳ እንዳጎረሰችሽ። አወራርሽ ያምራል። አባባ ሂሮታ የሳኬ መጠጣቸውን ረስተው ነበር የሚሰሙሽ።

«ታዲያ ከሁሉ የቱ በለጠብሽ?»

«እሱን ገና አላየሁትም» አልሽና እኔን አየሽ። ሾርባ እየቀዳሁ ነበር።

«እናትሽስ? ብቻሽን ስትዞሪ አትሰጋም?»

«እናቴ ሞታለች። ልጅ ሳለሁ ነው።»

ጭልፋው ከእጄ አልወደቀም። ይህን እወቂልኝ።

«ያሳዝናል» አልኩ። «ምን አሟት ነበር?»

«አላውቅም። እኛ ቤት ስለ እሷ አይወራም።»

«ሩዝ ልጨምርልሽ?»

«ይጨመርልኝ።»

ዓይኔ እያየ ቀበርሽኝ፤ ቀብረሽኝ ስታበቂ ደግሞ ከእጄ ሩዝ በላሽ። እንዲህ ያለ ሆድ ከየት አመጣሽ ብዬ ወጥ ቤት ገብቼ ሳህን ሳጥብ ቆየሁ። የታጠበውን ነው ደግሜ ያጠብኩት።

በማግስቱ በረዶ ሰባሪውን መርከብ ልታዪ ወጣሽ። ያ ጫማሽ ለኪዮቶ ጎዳና እንጂ ለዚህ አገር አይሆንም፤ ከሥሩ ጥርስ ያለውን የራሴን ጫማ አውጥቼ ሰጠሁሽ። ልክሽ ነበር። አንቺም አየሽው፣ እኔም አየሁት።

ስትወጪ ክፍሉን ላጸዳ ገባሁ። ማስታወሻ ደብተርሽ ትራሱ አጠገብ ነበር። ክፍት ሆኖ አገኘሁት ብዬ አልዋሽሽም፤ ዝግ ነበር፣ ከፈትኩት። ቅር ካለሽ ይበልሽ። ለየቦታው ነጥብ ሰጥተሻል፤ ለዛኦ ዘጠኝ፣ ለሃኮዳቴ የጠዋት ገበያ ሰባት፣ ለኦታሩ ስድስት። በመጣሽበት ዕለት ከወደቡ ዳር ቆመሽ የሰማሽውንም ጽፈሻል፦ በረዶው ሲሰበር ድምፁ ከእግር ሥር ገብቶ ጥርስ ያነዝራል ብለሽ። ከሥሩ ደግሞ እኔ አለሁ፦ «አከራይዋ ካሰብኳት አጠር ትላለች። እጇ ቀዝቃዛ ነው። ሾርባዋ ጨው ይበዛዋል። አላወቀችኝም።» ነጥብ የለም።

አጭርማ ነኝ፤ ስሄድ ሰባት ዓመትሽ ስለነበር ረጅም መስዬሽ ነው። እጄ የቀዘቀዘው ዓሣ በበረዶ ውሃ ሳጥብ ስለምውል ነው። ሾርባውን ግን አልቀበልሽም። ባሕር ላይ የዋለ ሰው ጨው ይፈልጋል፤ ያ የአያትሽ ሾርባ ውሃ ስለሆነ ምላስሽ ተበላሽቷል። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። አንጀቴን የቆረጠው የመጨረሻው ቃል ነው። አላወቀችኝም አልሽ። ምን ብታስቢኝ ነው? ደብተሩን እንደነበረ መለስኩት፤ የኪዮቶ አድራሻሽን ግን ከሽፋኑ ላይ ገልብጬ።

አያትሽ አባረረችኝ ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። አላባረረችኝም። እዚያ ቤት ስምንት ዓመት ሌላው ሲበላ ቆሜ አሳለፍኩ፤ አባትሽ ከእናቱ ፊት አንድ ቀን ስሜን ጠርቶ «ተቀመጪ» ብሎኝ አያውቅም። አንድ ጠዋት በራሴ እግር ወጣሁ። ይዤሽ ልውጣ ብል አይሰጡኝም ነበር፤ ግን አልጠየቅኩም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ሌላ አትፈልጊልኝ። በየዓመቱ ደብዳቤ ጻፍኩልሽም አልልሽም። ሁለት ጻፍኩ፣ ሁለተኛውን ከዚህ ቤት፤ ያገኘሽኝም በእሱ ሳይሆን አይቀርም። መልስ ሲጠፋ ተውኩት።

አሥር ዓመት ሲሆንሽ ካናዛዋ መጥቼ ነበር። ጥር ላይ ነው። ከትምህርት ቤትሽ በር ማዶ፣ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቆምኩ። ቀይ ጃንጥላ ይዘሽ ከሁለት ልጆች ጋር ወጣሽ፤ አንዷን በበረዶ አንገቷ ሥር መታሻትና እስክትጎብጪ ሳቅሽ። ድልድዩን እስክትሻገሪ አየሁሽ። ከዚያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ተሳፈርኩ፤ በዚያው ወር ወደዚህ ሰሜን መጣሁ። ስለዚህ መጥቶ፣ አይቶ፣ ሳይናገሩ መሄድን ከማን እንደወረስሽው አውቃለሁ። እንዲህ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

የሄድሽ ቀን ጠዋት በር ላይ ቁጭ ብለሽ የጫማሽን ማሰሪያ ስታስሪ ስትፈቺ ቆየሽ።

«ሌላ የሚነግሩኝ ነገር አለ?» አልሽኝ።

«ባቡሩ አራት ሰዓት ከሃያ ነው። መንገዱ ያንሸራትታል፤ ዳር ዳሩን ሂጂ።»

«ሾርባው ጥሩ ነበር።»

«ደህና ግቢ።»

ውሸታሞች ነን።

አባባ ሂሮታ በመስኮት ሲያዩሽ ነበር። «እትዬ ኩኒኮ፣ ያቺ ልጅ ሁለት ጊዜ ዞራ አየች» አሉኝ።

«የአገሩ መልክ ደስ ብሏት ይሆናል።»

«የምን መልክ? እዚህ ያለው የዓሣ መጋዘን ነው እኮ።» ጋዜጣቸውን ገለጡ። «ልጅሽ መሆኗን እንኳን እኔ ድመቷም አውቃለች» አሉ ቀና ሳይሉ። ከዚያ ወዲህ አላናገርኳቸውም። ሾርባቸውን ግን እቀዳለሁ።

ባለፈው ሐሙስ ቤቱን ዘግቼ ያን መርከብ ተሳፈርኩ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ስኖር ያገር ጎብኚ መጫወቻ ነው እያልኩ ስስቅበት የኖርኩ ሴት፣ ከታይዋን ከመጡ ሽማግሌዎች መካከል ብረቱን ይዤ ቆምኩ። ነጩ ባሕር ፊታችን ተሰነጠቀ። ድምፁ በእግሬ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ደረሰ፤ የጻፍሽው ልክ ነው። አጠገቤ የቆሙት ቋንቋዬን አይችሉም። ልነግረው የምፈልገው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሄዷል። ቤት ገብቼ ወረቀት ያወጣሁት ለዚህ ነው፤ ለመጻፍ ግን አምስት ቀን ፈጀብኝ።

ተቆጣሁሽ፤ አበቃሁ። ይቅርታ ልጠይቅሽ አልጻፍኩም፤ እንድትጠይቂኝም አይደለም። ግን በሕይወት ያለ ሰው አይቀበርም፤ ይህን ካሁን በኋላ ለማንም እንዳትደግሚው። አባትሽን ሰላም በይው አልልሽም።

ሳሉ ካልለቀቀሽ ዝንጅብል አፍልተሽ ትኩሱን ጠጪ። የሚቀጥለው ዓመት የመጨረሻሽ እንደሆነ ከደብተርሽ አይቻለሁ፤ የያዝሽው ይቅናሽ፣ የምትረግጪው በረዶ ሁሉ ይጥናልሽ፣ በምትገቢበት ቤት ሁሉ ተቀመጪ የሚልሽ ሰው አትጪ።

መልስ አልጠብቅም። ፖስተኛው እኛ ሰፈር በቀን አንድ ጊዜ፣ ከምሳ በፊት ነው የሚመጣው።

እናትሽ
ኩኒኮ