የእትዬ ወለተ ማርያምን ቤት አላቃጥልም

ይድረስ ለወንድሜ ለሙዓዝ፣ ጅዳ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ሰላምታዬን ያልነፈግኩህ አላህን ፈርቼ ነው እንጂ ላንተስ አይገባህም ነበር። ለመሆኑ ጤናህ እንዴት ነው? ጨጓራህስ ተሻለህ? ሙቀቱስ በረደላችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ እማም ብርድ ሲሆን ጉልበቷን ከማመሙ በቀር ደህና ናት። እኔ እህትህ ግን ድፍን ሳምንት ደሜ እንደፈላ ነው። በቴሌግራም ብጽፍልህ በአንድ ዓይንህ አይተህ አውራ ጣት ትልክልኛለህ። ስለዚህ በወረቀት ጻፍኩት፤ ነገ ሐሙስ ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ወደ እናንተ የሚበረው ካሊድ ያደርስልሃል።

«የምሠራው ጨዋታ የኛን ቀዬ ይምሰል፤ መሬቱንና ቤቱን አንቺ ሣይልኝ» ስትለኝ መቼ እምቢ አልኩ? ደሴ ፒያሳ ማተሚያ ቤት ስሠራ ውዬ ቦሩ ሜዳ እየገባሁ፣ ዓይኔ እስኪቀላ ትንንሽ ካሬ ላይ ነጥብ በነጥብ ቀለም ስለቅም ሦስት ወር ሞላኝ። የመጀመሪያው የሣር ካሬ ለብቻው ሲያዩት ያምር ነበር፤ ጎን ለጎን ስደረድረው ግን ጠርዙ አልገጥም ብሎ ሜዳው የተጣፈ ብርድ ልብስ መሰለ። ዕድሜዋን ሙሉ ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረችው እማ ናት «መጀመሪያ ዳርና ዳሩን አስማሚ፤ መሀሉ ይደርሳል» ያለችኝ። እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲያ ካቡም፣ ባሕር ዛፉም፣ የጭቃው መንገድም ገጠመልኝ።

ቤት ስሥል የጎረቤታችንን የእትዬ ወለተ ማርያምን ቤት ሣልኩ። በጦርነቱ ጊዜ መቃጠሉን ሰምተሃል፤ መስማት ግን ማየት አይደለም። እሳቸው ዛሬም እኛ ጓዳ ነው የሚያድሩት። ያላቸው ዕቃ አንድ ፌስታል አይሞላም። ቤታቸው ከነሰማያዊ መስኮቱ ኮምፒውተሩ ላይ ቆሞ ሲያዩት ነጠላቸውን አስተካክለው ጣሪያው ወደ ግራ ዘመም ያለ እንደነበር ነገሩኝ። አዘመምኩት።

ያለፈው ሳምንት ሰኞ ደግሞ መልእክትህ መጣ። የጨዋታው ሦስተኛ ደረጃ ላይ ጠላት ይገባል፣ የእያንዳንዱን ቤት የተቃጠለ ዓይነት ሥሪልኝ፣ ቀላል ነው፣ ቀለሙን ብቻ ቀይሪው አልከኝ። ቀላል ነው! አፍህን ሞልተህ!

በጣም ያናደደኝ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ልክ መሆንህ። እንደ ጅል ታዝዤ ተቀመጥኩና ሞከርኩት። አራት ቀለም ነው የቀየርኩት፤ ሻይ እስኪፈላ እንኳ አልፈጀም፤ ቤቱ ከሰለ። ለካ እትዬ ወለተ ማርያም ከኋላዬ ቆመዋል። «ደግሞ?» አሉና ወጡ። ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው።

አንተ ምን ታደርግ፣ እሳት ጨዋታ የሚሆነው ቤቱ ላልነደደበት ነው። ጭሱ ስንት ቀን እንደቆየ አታውቅም፤ እኛ እናውቃለን። የተቃጠለውን አጥፍቼዋለሁ፤ ወላሂ ሁለተኛ አልሠራውም። ማቃጠል ካማረህ የራስህን ሣልና አቃጥል፤ የኔን ካሬ ግን አንዷን አትነካትም።

እትዬ ወለተ ማርያምን ሁለት ቀን ለምኜ ነው ያናገሩኝ። ካሊድ በሚሰጥህ ፍላሽ ውስጥ ያልጠየቅከኝ ነገር አለ፤ የቤታቸው ውስጥ። እሳቸው እየነገሩኝ ሣልኩት፤ መደቡን፣ ጎታውን፣ የማርያምን ሥዕል፣ ለእንግዳ የሚነጠፈውን አጎዛ። ተጫዋቹ በሩን ሲገፋ ይከፈትለት፤ እሳቸውም ከውስጥ «ግቡ» ይበሉት። ይህን ካደረግክ ወንድሜ ነህ። ካላደረግክ ሥዕሎቼን በሙሉ መልስልኝ፤ ሌላ ሰው ፈልግ።

አብረውህ ለሚኖሩት ለአብዱልወሀብና ለሱሌማን ሰላም በልልኝ፤ እነሱን አልተቀየምኳቸውም። እማ «ዱዓዬ አይለይህ፤ ጨጓራህን በባዶው ሻይ አታቃጥለው» ብላሃለች። ታናሿ እህታችን ኢስራ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ ትናፍቅሃለች። እትዬ ወለተ ማርያምም ሰላም ብለውሃል። ሥዕሉን እያዩ «ሲመጣ እኔ ቤት ነው የሚያርፈው» ብለዋል።

እህትህ ሱሀይላ
ቦሩ ሜዳ፣ ደሴ
ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.