ከሻሹ ሥር ያለው ጠባሳ

ጥቅምት 24፣ ከቀኑ 11 ሰ.
የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ አንብቤ ፈረምሁ። ሻሼ እስከ ግንባሬ ዝቅ ብሏል። የስፌቱ ክር ወጥቷል፤ ከፀጉሬ ሥር ያለው ቆዳ ግን አሁንም ደንዝዟል። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ከአንቺ የምደብቀው የለም። አዲስ አበባ ያለው ሐኪም በወረቀት ሥሎ አስረድቶኛል፦ ቅንድብ በዕድሜ ይወርዳል፤ ከፀጉር መነሻ በስተኋላ ተቀድዶ ቆዳው ወደ ላይ ይሳባል፣ ይሰፋል። ዕይታን ከጋረደ ሕክምና ነው፤ የእርስዎ ግን የመልክ ጉዳይ ነው አለኝ። ከዓመታት በኋላ ተመልሶ እንደሚወርድም አልሸሸገም። ገባኝ። ተስማማሁ። በየስብሰባው «ምነው፣ ተቆጡ እንዴ?» መባል ሰልችቶኝ ነበር።

እዚህ ደባርቅ ያወራሁት ሌላ ነው። ዓይኔን አሞኝ ጠበል ገብቼ ነበር አልሁ። እውነቱን የምታውቀው አስናቀች ብቻ ናት፤ አብሮ አደጌ፣ የጤና ጣቢያችን ነርስ። ያስታመመችኝ እሷ ናት። ላትናገር ምላልኛለች።

ጥቅምት 28
እማማ ጥሩወርቅ ከቡይት ራስ በእግራቸው መጡ። የመሬት ክርክራቸውን ካየሁላቸው ጀምሮ እንደ ልጃቸው ነኝ። ዓይናቸው ያነባል፤ ሽፋሽፍታቸው ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቀዋል። ፊቴን በሁለት መዳፋቸው ያዙ። «እሰይ ልጄ! ሚካኤል ዓይንሽን ገለጠልሽ!» ለእኔ ጃንጥላ ተስለው ኖሯል። በኅዳር ሚካኤል ሊያስገቡ ነው። ዝም አልሁ። ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት።

ኅዳር 4፣ ከቀኑ 9 ሰ.
ከዳችኝ። ዳባት ላይ፣ በስብሰባው የሻይ ዕረፍት፣ አንድ የምክር ቤት አባል ሰው ሁሉ እየሰማ፦ «ክብርት አፈ ጉባኤ፣ ይህ ጠበል ግንባርም ይተኩሳል እንዴ?» ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ግንባሬ ግን አልተንቀሳቀሰም። የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር። አርባ ዓመት ያመንኋት አንድ ሰው።

ኅዳር 8
አስናቀች ቤት ሄድሁ። አልካደችም። የሽፋሽፍት ቀዶ ሕክምና ዘመቻ ጤ/ጣቢያ ገብቷል። እማማ ጥሩወርቅ አሻፈረኝ አሉ፤ የአፈ ጉባኤዋን ዓይን ያዳነ ጠበል እያለ ምላጭ አያስነኩም። ቢዘገዩ ብርሃናቸው ይጠፋል። እውነቱን ነገረቻቸው፤ ወረፋ ላይ የነበረ ሰው ሰምቶ አዛመተው።

«አስቀድመሽ ለእኔ አትነግሪም?»
«‹እማማ እንቢ ብለዋል፣ እውነቱን ንገሪያቸው› ብዬ ሦስት ጊዜ ነገርሁሽ እኮ! ‹ከበዓሉ በኋላ› አልሽኝ።»

እውነት ነው። ይህን ለአንቺም አልጻፍሁልሽም፣ ማስታወሻዬ።

እማማ አላመኗትም። የቅናት ስም ማጥፋት ነው ብለው ሰድበዋት ሄዱ። ይህን ስትነግረኝ አለቀሰች። እኔ በሩን ወርውሬ ወጣሁ። መሐላዋን አፍርሳለች፤ አሁንም ከዳችኝ እላለሁ። ቃሉ ግን እንደ ሰሞኑ ከአፌ አይወጣም።

ኅዳር 11፣ ከጧቱ 2 ሰ.
ዘመቻው ዛሬ ያበቃል። ስለቱ ነገ ነው። ከንጋት ጀምሮ መስተዋት ፊት ቆሜአለሁ፤ የሰው ፊት የለበስሁ ይመስለኛል።

ወስኛለሁ። ቡይት ራስ እሄዳለሁ። ከእማማ ፊት ሻሼን አወልቃለሁ፤ ጣታቸውን ይዤ በጠባሳው ላይ አስኬደዋለሁ። የአስናቀችን ቃል ባያምኑ የገዛ ጣታቸውን ያምናሉ። ይረግሙኝ ይሆናል። ይርገሙኝ፤ ብቻ መኪናው ውስጥ ይግቡልኝ።

ጤ/ጣቢያው በር ላይ የምትቀበለን አስናቀች ናት። ሾፌሩ ደርሷል፣ ጥሩንባ ይነፋል። ለእሷ የምላትን ግን እስካሁን አላገኘሁም።