ሠላሳ ሦስት ሰው፣ አርባ ስድስት ቀን

ቡሬ አጠገብ፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.

ለውዱ ባለቤቴ ለላቀው፣ ሱዳን አገር ካለህበት ይድረስ።

እንደምን ከርመሃል? እኔም፣ ሁለቱ በሬዎችህም፣ ያች ክፉ በቅሎህም ደኅና ነን። በሰው ፊት አንቱ እልሃለሁ፤ በደብዳቤ ግን አንተ ልበልህ፣ ማንም አይሰማንም። ይህ ሦስተኛው ደብዳቤዬ ነው። ለፊተኞቹ ሁለቱ መልስ ስላልመጣ መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል ብዬ ይኸው ደግሜ ጻፍሁ። የሚያደርስልኝ ነጋዴው ተስፋው ነው። ጣሊያኖቹ ከፈተሹኝ ወረቀቱን እውጠዋለሁ ስላለኝ ለጉሮሮው አዝኜ ፊደሉን አሳንሻለሁ፤ ዓይንህ ቢታክት ይቅር በለኝ።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ ልምጣ። አጎትህን አያ ክንፈሚካኤልን በሒሳብ ረታኋቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰኔ አጋማሽ ከፈጠም ወንዝ ማዶ፣ አንተ ከነበርህበት ጫካ፣ የአርበኞቹ መልክተኛ መጣ። ወንዙ ከሞላ ስንቅ አይሻገርም፤ ማዶ ያለው የበቆሎ እሸት ደግሞ የሚደርሰው ለፍልሰታ ነው። ስለዚህ ከሐምሌ አንድ እስከ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት የሚበቃ በሶ ባንድ ጊዜ ላኩልን አሉ። ሠላሳ ሦስት ሰው፣ አርባ ስድስት ቀን፣ ለያንዳንዱ ሰው በቀን አንድ ዋንጫ። ካነሰባቸው ረኃብ ወደ ድልድዩ ያወርዳቸዋል፤ ድልድዩን ደግሞ የቡሬው ምሽግ የጣሊያን ወታደር መትረየስ ጠምዶ ይጠብቀዋል። እኛ የነበረን ጊዜ ስምንት ቀን ብቻ ነው።

የስንቁ ኃላፊ አያ ክንፈሚካኤል ናቸው። ታውቃቸው የለ፣ ያገሩን ሠርግ ሁሉ የሚያስተናብሩ፣ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚደለድሉ ሰው ናቸው። ቁጥሩንም እንደ ሠርገኛ ደለደሉት። ፴፫ ብለው ጻፉ፣ ከሥሩ ፵፮ አሉ። ሠላሳው ታላቅ ነውና ከታላቁ ከአርባው ጋር ይቀመጥ፤ ሦስቱ ታናሽ ነውና ከታናሹ ከስድስቱ ጋር ይቀመጥ ብለው ፈረዱ። ሠላሳን በአርባ ቢያባዙት አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሆነ፤ ሦስትን በስድስት ቢያባዙት ዐሥራ ስምንት ሆነ። ደምረው፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ዐሥራ ስምንት ዋንጫ በሶ ይዘጋጅ ብለው ሴቶቹን አዘዙ።

እኔ ጥግ ይዤ ገብስ እቆላ ነበር። በጓዳው ግድግዳ ላይ በከሰል እየጻፍህ ያስተማርኸኝ ትዝ አለኝ። የእኛ ቁጥር ገና ሲጻፍ ተከፋፍሎ የተቀመጠ ነው፣ ዐሥሩ ለብቻው፣ አንዱ ለብቻው፤ የሚቀረን የዚህን እያንዳንዱን ክፍል በዚያኛው በእያንዳንዱ ክፍል ማባዛት ነው ትለኝ ነበር። አፌን ልይዝ ሞከርሁ። እንደማይሆንልኝ አንተ ታውቃለህ።

«አያ፣ ቁጥር የሠርግ ዳስ አይደለም» አልሁ። «ሁለት ቤተ ሰብ ለፋሲካ ሲገናኝ የዚህ ቤት ሰው ሁሉ የዚያን ቤት ሰው ሁሉ ይስም የለ? ልጁ አያቱን አይስምም? ሠላሳውም ስድስቱን፣ ሦስቱም አርባውን ሳይስም አይቀመጥም።»

«አንች ልጅ፣ ገብሱ እንዳያርርብሽ» አሉኝ። ሴቶቹ ሳቁ። ገብሱስ እውነትም አርሮ ነበር።

ያዳነችኝ ጎረቤታችን ሀብትነሽ ናት። በክርክር ከምንውል ብላ አንድ ቁና ሽምብራ ይዛ መጣች። ሰሌን ዘርግተን ሠላሳ ሦስት ረድፍ፣ በየረድፉ አርባ ስድስት ፍሬ ደረደርን። ከቀትር እስከ ከብት መግቢያ ፈጀብን፤ ዶሮዎቹን ማባረሩ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ሲያልቅ አንድ ሰንበሌጥ ከአርባኛው ፍሬ ቀጥሎ ቁልቁል፣ አንድ ከሠላሳኛው ረድፍ በታች አግድም አስተኛሁ። ሽምብራው አራት ቦታ ተከፈለ። ይኸ ሰፊው የእርስዎ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ነው፣ ይች ማዕዘኗ ዐሥራ ስምንትዎ ናት፣ እነዚህን ሁለቱንስ ማን ያስተናብራቸው ብዬ ጠየቅኋቸው።

አያ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ቆጠሩ። በቀኝ በኩል ሠላሳ ረድፍ ስድስት ስድስት ፍሬ፣ መቶ ሰማንያ ሆነ። በታች በኩል ሦስት ረድፍ አርባ አርባ ፍሬ፣ መቶ ሃያ ሆነ። ሦስት መቶ ዋንጫ ተረስቷል። እንዲያው ብንልከው ኖሮ እነዚያ ልጆች የመጨረሻዎቹን ዘጠኝ ቀን ጦማቸውን ያድሩ ነበር። አያ ሦስት መቶ እንግዳ ሜዳ ላይ ጥዬ ዳሱን ልዘጋው ነበር አሉና ያላቸውን ገብስ ሁሉ ከጎተራቸው አስወጡ። በማግሥቱ ግን ለቄሱ ሲያወሩ «መርምረን እንደደረስንበት» እያሉ ነበር። መርምረን ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ።

አንድ ሺህ አምስት መቶ ዐሥራ ስምንት ዋንጫ ቆልተን ፈጨን። እየሰፈርሁ ወደ ስልቻ የምጨምረው እኔ ነበርሁ። የጫኑት ሰዎች ወንዙ ሳይሞላ ተሻግረው በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ስንቁ ደርሷል፣ ሲሰፈር ግን አርባ ስድስት ዋንጫ ትርፍ ተገኘ አሉ። አያን ብታያቸው። የግድግዳሽ ሒሳብም ይስታል ለካ ብለው በሴቶቹ ሁሉ ፊት ሳቁብኝ። ሳትሁ አያ፣ ይቅር ይበሉኝ አልሁ።

ላቀው፣ አልሳትሁም። አንተ በኅዳር ወደ ሱዳን ከተላክህ በኋላ እንኳ አለቃችሁ ስንቅ ሲጠይቁን አንተንም ቆጥረው ሠላሳ አራት ሰው እያሉ ነበር። በዚህ ሰኔ ሠላሳ ሦስት አሉ። መልክተኛውን ለብቻው ጠርቼ ማን ጎደለ ብዬ ብጠይቀው ስለ ዝናቡ ያወራኝ ጀመር። ፈራሁ። በሠላሳ ሦስት ብሰፍር በገዛ እጄ የቀበርሁህ መሰለኝ። ስለዚህ የገብሱን ጉድለት ከራሳችን ጎተራ ሞልቼ በሠላሳ አራት ሰፈርሁ። ያ አርባ ስድስት ዋንጫ ያንተ ነው።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ አያ ደጃፉ ላይ ቆመው ቀሩ። ዱላቸውን መሬት ላይ እያንሸራተቱ ሲያስቡ ቆዩ።

«አርባ ስድስት» አሉ ቀስ ብለው። «ያንድ ሰው ነው።»

እኔ ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብሁ።

«ለመስከረም ሲጠይቁን ሒሳቡን አንች ትሠሪዋለሽ» አሉ። «ሠላሳና አራት ብለሽ ከፋፍይው። ማንም ቢጠይቅ አጎቱ አዘዘኝ በይ።»

እንግዲህ የስንቅህ ነገር አያሳስብህ። ብቻ ናና ብላው።

በሄድህበት በረሃ ውኃ አይጥፋብህ፤ ቅዱስ ገብርኤል በቀኝህ ይሁን፤ ያገሬው ሰው እንደ ልጁ ይይህ። አሜን።

የአንተው ያይኔአበባ